ስም ለልጅ ሲወጣ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጅ ስም ነው። የእናቶቻችን ስም ወርቅነሽ፣ በላይነሽ፣ የሺ፣ አስካለ ነበር። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወልዱ ካሳ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ ይሉ ነበር። ከ1966 ለውጥ በኋላ አብዮት የተባሉም አሉ። አሁን ደግሞ ሄራን፣ ሶልያናና ናታን በርክተዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሶልያና ካሉ መምህሯ በአባታቸው ስም ትለያቸዋለች።

ይህ ነውር አይደለም፤ ስም ድሮም ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ ሰው ቤት ስትቀጠር «ስምሽ የባላገር ነው» ተብላ ሌላ ስም ይወጣላታል። በመካከላችን እስከ ዛሬ አሠሪ ባወጣላቸው ስም የሚጠሩ አሉ።

በአገራችን ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የእናት ስም አይከተልም። ስለዚህ እናት መርጣ ያወጣችው ስም በልጁ መጠሪያ ውስጥ ያለ የእሷ ድርሻ ነው። ያንን መቀየር እናትየውን ከልጇ ስም መፋቅ ነው።

እንግዲህ እህቶች፣ ስም ስትመርጡ ትርጉሙን ጠይቁ፤ ከአባቱ ስም ጋር አድርጋችሁ ጥሩት። ልደቱንም በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ የስሙን አጻጻፍ ከመፈረማችሁ በፊት አስነብባችሁ አረጋግጡ። በየቤታችን የምትሠራውን ልጅ ደግሞ «እናትሽ ማን ብላ ጠራችሽ?» ብለን እንጠይቃት፤ በዚያው እንጥራት።