የሞስኮ ዘውድ ሥሩ መሬት ነው
(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሩሲያ ነገሥታት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አስፈሪው ኢቫን ነው። "ጨካኝ ስለነበረ አገሩን ጠቅልሎ ያዘ" ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ኧረ ለመሆኑ አንድ ሰው በጭካኔ ብቻ ያን ያህል አገር ይይዛል? ሥሩ ሌላ ነው፤ ግብር፣ መሬትና ገበሬ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከግብር እንጀምር። ታታሮች ከ1237 እስከ 1240 ሩሲያን ከወረሩ በኋላ መሳፍንቱ ለካኑ ገባሪ ሆኑ። ከ1325 ጀምሮ ሞስኮን የገዛው ኢቫን ቀዳማዊ ታዲያ ብልጥ ነበር፤ የሌሎቹን መሳፍንት ግብር ጭምር እየሰበሰበ ለካኑ አስረካቢ ሆነ። ቅጽል ስሙም "ካሊታ"፣ የገንዘብ ከረጢት ነው። ማር የሚቆርጥ ጣቱን መላሱ አይቀርም፤ ሞስኮ ደለበች።

ቀጥሎ መሬት። ኖቭጎሮድ የንግድ ከተማ ነበረች፤ ሕዝቧ በደወል እየተጠራ "ቬቼ" በሚባል ሸንጎ ይመክር ነበር። ኢቫን ሣልሳዊ በ1478 ከተማዋን ሲጠቀልል ደወሉን አስወርዶ ወደ ሞስኮ አስጫነው! ደወል ሲታሰር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ባለርስት መኳንንቱን ነቅሎ መሬታቸውን ወረሰ፤ በፈረስና በጦር ለሚያገለግሉት ሰዎች አደለው። እነሱ "ፖሜስትዬ" ይሉታል፤ እኛ በድሮው አጠራር ማደሪያ ብንለው እንግባባለን። ባለርስት የአባቱ ነውና ይከራከራል። ባለማደሪያ ግን ካላገለገለ ይነቀላል። አፉ ተለጎመ ማለት ነው።

ሦስተኛው ገበሬው ነው። ወታደሩ ሲዘምት ማን ይረስለት? በ1497 የወጣው ሕግ ገበሬ ጌታውን መልቀቅ የሚችለው አዝመራ ከገባ በኋላ ከሚውለው የጊዮርጊስ በዓል አንድ ሳምንት በፊትና አንድ ሳምንት በኋላ ብቻ ነው አለ፤ ያውም ከፍሎ። ከ1580ዎቹ ጀምሮ ያቺም ፈቃድ ትታገድ ጀመር፤ በ1649 ሕግ ጨርሳ ጠፋች። ታናሹ ወታደር ዘውዱን የደገፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገበሬው እንዳይሸሸው የሚያስርለት ሌላ ኃይል አልነበረውም።

እንግዲህ አስፈሪው ኢቫን በ1547፣ በ16 ዓመቱ ዘውድ ሲጭን የተቀመጠው በተሰናዳ ገበታ ላይ ነው። በ1570 ኖቭጎሮድን ሲያስጨፈጭፍ፣ ሕዝቡን ለሸንጎ የሚጠራው ደወል ከወረደ 92 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሩሲያዊ ተስፋው ድንገት ሲከዳው እስካሁን "ይኸውልሽ አያቴ፣ የጊዮርጊስሽ ዕለት!" ይላል። ቀልድ ትመስላለች፤ ውስጧ ግን የገበሬ ለቅሶ ነው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ የአንድ አገዛዝ ክንድ ለምን እንደከበደ ስትመረምሩ፣ መጀመሪያ መሬቱ በማን እጅ እንደነበረ ጠይቁ።