ዕይታ ሰው አይደለም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርበው የገንዘብ ሳይሆን የአንባቢ ሒሳብ ነው። የምንጀምረውም በእርማት ነው። ባለፈው ሪፖርታችን የድረ ገጻችን «አንባቢዎች» ብለን ያሰፈርነው ቁጥር የአንባቢዎች አልነበረም፤ የዕይታዎች ብዛት ነበር። ሪፖርቱን ለማድረስ ስንጣደፍ ከጉግል አናሊቲክስ ላይ ትልቁን ቁጥር ወሰድን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በኋላ ስናመሳክር ስህተታችን ወጣ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። አንዲት እህት ጠዋት ገብታ ስለ ቁጠባ ሦስት ገጽ አነበበች፤ ማታ በዚያው ስልክ ተመልሳ ሁለት ገጽ ጨመረች እንበል። መቁጠሪያው 5 ዕይታ፣ 2 ጉብኝት፣ 1 ተጠቃሚ ብሎ ይመዘግባል። ምንም ሳትነካ 30 ደቂቃ ካለፈ፣ ቀጣዩ እንደ አዲስ ጉብኝት ይቆጠራል። እኛ ግን ይህችን አንዲት እህት አምስት ሰው አድርገን ጻፍናት። አንዲት አባል አምስት ጊዜ ስለቆጠበች አምስት አባል አንላትም።

«ተጠቃሚ» የሚለውም ቢሆን በጥንቃቄ ይታይ። መቁጠሪያው የሚለየው ስልኩን እንጂ ስልኩን የያዘችውን ሴት አይደለም። በስልኳም በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተርም የምትገባ እህት ሁለት ልትሆን ትችላለች፤ በአንድ ስልክ የሚያነቡ እናትና ልጅ ደግሞ አንድ ይሆናሉ። ከተማውም ግምት ነው፤ ቪፒኤን የከፈተች የአዲስ አበባ ልጅ አውሮፓ ያለች ትመስላለች። ቡና ላይ ተነቦላቸው የሚሰሙትን እናቶች ደግሞ ማንም አይቆጥራቸውም።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል? መቼና በምን እንደምንነበብ ያሳያል። ብዙው ንባብ በስልክ ነው፤ የሚበዛውም መቁጠሪያው 21 ሰዓት በሚለው፣ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱን ግን ቁጥሩ ስለማይናገር በቁጠባ ስብሰባ ላይ እናንተኑ ጠየቅን። «ልጆች ሲተኙ ነው እፎይ የምንለው» አላችሁን። ፎቶ የበዛበት ጽሑፍ የኢንተርኔት ጥቅላችሁን እንደሚጨርስም ነገራችሁን። ስለዚህ ጽሑፉን አሳጥረን፣ ፎቶውን ቀንሰን፣ ማታ ማታ ማውጣት ጀምረናል።

ከእንግዲህ በሪፖርታችን ዕይታ፣ ጉብኝትና ተጠቃሚ በየዓምዳቸው ለየብቻ ይሰፍራሉ። ያለፈውም ቁጥር ታርሞ ለደጋፊዎቻችን ተልኳል። አዲሱ ከቀድሞው በጣም ያንሳል፤ ድጋፉ ይቀንስብናል ብለን የፈራንም ነበርን። ነገር ግን ያልገባ ገንዘብ ገቢ ብለን እንደማንመዘግብ ሁሉ፣ ያላገኘናትን አንባቢም አግኝተናታል አንልም።