ላደገ ልጅ ሕክምና የወላጅ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሲነገር ስለ ቁጠባና ብድር ብቻ ትጠብቁ ይሆናል። ዛሬም የምንነሳው ከመዝገቡ ነው፤ የምናወራው ግን ስለ ልጆቻችን ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት አባላችን ለ24 ዓመት ልጃቸው ሕክምና ብድር ጠየቁን። ታሪኩን እንድንናገር እሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደውልናል፤ ስም ግን አንጠራም። ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ተለይቶ ነበር። ቤተሰቡ በመጀመሪያ ጸሎት ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ሕክምና ወሰዱት።

የምክር አገልግሎት የሚሰጡት ባለሙያ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ እናትየው የሚያውቁት ደግሞ የኑዌር ቋንቋ። ስለዚህ ባለሙያው ለእናት የሚሉትን የሚተረጉመው ሕመምተኛው ልጅ ራሱ ነበር። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። የሚያሳፍረውን ይዘለዋል፤ እናትም የተደበቀ ነገር እንዳለ ይገባቸዋል። ቤት ሲገቡ «ምን አልካቸው? የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ» ይሉታል። ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ልጁ «አልሄድም» አለ።

እኛም ጥፋት አለብን። ብድሩን ስንፈቅድ የሕመሙን ስም መዝገቡ ላይ ጻፍን። ኮሚቴው አነበበው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ አወራው። ልጁም ሰማ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እውነት ነው። ነገር ግን ለሐኪም ንገር ማለት ነው እንጂ ለሰፈር ንገር ማለት አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። ከዚያ በኋላ በመሠረቱ ሰው ስለ ራሱ የሚወስነው ራሱ ነው። በእኛ ቤት ግን የ30 ዓመት ልጅም ከእናቱ ማዕድ ይበላል። ስለዚህ ወላጅን በር ዘግተን ብናስወጣ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ፣ ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች የተደረገ ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሠራተኞች ለ12 ወራት ቤት ለቤት እየሄዱ ከሕመምተኛውና ከቤተሰቡ ጋር የሠሩላቸው፣ የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ችለዋል። ቤተሰብ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ጥያቄው በምን መልክ የሚለው ነው።

እኛ ይህን አደረግን። መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠየቅን። ቀጥሎም ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ፣ ዘመድ ያልሆነች፣ ምስጢር የምትጠብቅ እህት ፈለግን፤ ማንነቷንም ልጁ ተስማማበት። በአንድ ቀጠሮ እናት፣ ልጅና ባለሙያው አብረው ተቀመጡ። እናት የቀጠሮውን ቀንና የመድኃኒቱን አወሳሰድ እንዲያውቁ ተስማሙ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ወይም ስለ ሞት ካወራ እናት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ሊወስዱት፣ ልጁም ላይቆጣ ቃል ተገባቡ። የቀረው ጨዋታ የልጁና የባለሙያው ነው። እናትም የራሳቸውን ጭንቀት የሚያወሩበት ጊዜ ተሰጣቸው፤ እስከዚያ ድረስ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ልጁ ቀጠሮውን ቀጥሏል። ትምህርቱን ገና አልጀመረም። እናትየው አንዳንድ ቀን ሊጠይቁት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ይዘጋሉ። በቅርቡ አንድ ማታ ግን ሳይጠየቅ ራሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ጥቂት ነገር ነገራቸው። ምን እንዳለ አልጠየቅናቸውም።

አሁን በመዝገባችን የሚጻፈው «የሕክምና ብድር» የሚል ቃልና የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው። ደጋፊዎቻችን፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ እናሳያችኋለን፤ የሕመሙን ዓይነት ግን አትጠይቁን። እናቶችም፣ ክፈሉ፣ ሸኙ፣ በር ላይ ጠብቁ። መክፈላችን የልጆቻችንን ልብ የመበርበር መብት አይሰጠንም።