የማይታየው የእህል ጥራት፦ የበቆሎ ዘርና የጎረቤት ማሳ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በሐዋሳ ከተማ የቀረበ ንግግር)



በቆሎ ወደ ዩኒየኑ መጋዘን ሲገባ ጥራቱ የሚለካው በሚታየው ነገር ነው። እርጥበቱ ይለካል፣ ነቀዝ መኖር አለመኖሩ ይታያል፣ የተሰባበረው ፍሬና ባዕድ ነገሩ ይበጠራል። ይህ ተገቢ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ሚዛንም ሆነ ወንፊት የማያውቀው ሌላ ጥራት በፍሬው ውስጥ አለ፤ እሱም የፕሮቲኑ ጥራት ነው።

እንደሚታወቀው በሐዋሳ ዙሪያና በመላው ሲዳማ በብዙ ቤተሰብ ገበታ ላይ ቆጮና በቆሎ ትልቅ ቦታ አላቸው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። በቆሎ ከመቶ ዘጠኝ ወይም አሥር እጁ ፕሮቲን ስለሆነ ክፍተቱን የሚሞላ ይመስላል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ፕሮቲን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ዜይን የሚባለው ዓይነት ነው። ዜይን ደግሞ ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ አልያዘም ማለት ይቻላል። የሰው አካል ላይሲንን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ምሰሶው ተሟልቶ ማገሩ ያጠረ ቤት እንደማይቆም ሁሉ፣ አንዱ አሚኖ አሲድ ሲጎድል የቀሩትም ለአካል ግንባታ ሳይውሉ ይባክናሉ። ልጁ ጠግቦ ይተኛል፤ እድገቱ ግን ይዘገያል።

ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ ወተትና እንቁላል ይህን ጉድለት ይሞላሉ። በቆሎን ከቦሎቄ ጋር ቀቅሎ ንፍሮ የሚበላ ቤተሰብ ትክክለኛውን ሥራ እየሠራ ነው፤ የትኛውም ምርጥ ዘር ይህን ልማድ ሊተካው አይገባም። ጥያቄው የሚነሳው ቦሎቄው ተሸጦ ባለቀበት፣ ላሟም በነጠፈችበት ወር ነው። በዚያን ጊዜ በቆሎው ራሱ የተሻለ ቢሆንስ?

የፕሮቲን ጥራት በዘር የሚወረስ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም። የወሎ ገበሬዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የሚሏቸውን የማሽላ ዓይነቶች ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው ይዘሩ ነበር። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም ያነሰ ነው፤ እሸታቸው ተጠብሶ ሲበላ ግን ስሙ እንደሚለው ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሲንግና አክስቴል የዓለምን የማሽላ ስብስብ መርምረው በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ በላይሲን ይዘታቸው ልቀው የተገኙት ከኢትዮጵያ የሄዱ ሁለት ዘሮች ነበሩ። ገበሬው ላይሲን የሚባል ነገር ሳይሰማ ጣዕሙን ወዶ ዘሩን ጠብቆ አቆይቶታል። ይህ ውለታ በሚገባው መጠን አይነገርም።

በበቆሎ ላይ ተመሳሳዩ ግኝት ቀደም ብሎ የታተመ ሲሆን ጊዜውም 1964 እ.ኤ.አ. ነበር። መርትዝ፣ ቤትስና ኔልሰን የተባሉ የዚያው የፐርዱ ተመራማሪዎች ኦፔክ-2 የሚባለው ጂን የዜይንን መጠን እንደሚቀንስና ላይሲንን በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አረጋገጡ። አጠቃላይ የፕሮቲኑ መጠን እምብዛም አልጨመረም፤ የተለወጠው ስብጥሩ ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጂኑ ፍሬውን እንደ ኖራ ነጭና ለስላሳ አደረገው። ክብደቱ ቀነሰ፣ ነቀዝና የእሸት ሻጋታም በቀላሉ አጠቁት። እንዲህ ያለውን በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ሊገኝ አልቻለም፤ በብዙ አገር ሥራው ተተወ። በሜክሲኮ በሚገኘው በዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ግን ሱሪንደር ቫሳል የተባሉ አዳቃይና ኢቫንጀሊና ቪየጋስ የተባሉ የኬሚስትሪ ባለሙያ አልተዉትም። ፍሬውን መልሰው የሚያጠነክሩ ሌሎች አጋዥ ጂኖችን ለይተው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጡና በየጊዜው በላቦራቶሪ እየፈተሹ ጥንካሬና ጥራትን በአንድ ፍሬ ውስጥ አገናኙ። በ2000 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዘሩም ጥራት ያለው ፕሮቲን የያዘ በቆሎ፣ በአጭሩ ኪው.ፒ.ኤም. ተባለ። አንዳንድ ሰው እንደሚያስበው ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ጂን የገባበት አይደለም፤ በተለመደው የማዳቀል ዘዴ የተገኘ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ገቢሳ የተባለው ዲቃላ (ቢኤችኪውፒ 542) በ2001 እ.ኤ.አ. ተለቀቀ። መልካሳ-6ኪው በ2008፣ ወቢ የተባለው ኤኤምኤች 760ኪው በ2011፣ ኤምኤች 138ኪው ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። ወቢ ገበሬው በደንብ የሚያውቀው የቢኤች 660 ወላጆች ጥራት ያለውን ጂን እንዲይዙ ተደርጎ የተገኘ ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ዋና ምግባቸው በቆሎ የሆነና መጠነኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ይህን በቆሎ ሲመገቡ የክብደት እድገታቸው ፍጥነት በ12 በመቶ፣ የቁመታቸው ደግሞ በ9 በመቶ ጨምሯል።

ውድ አባላት፣ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው አሁን ነው።

የኦፔክ-2 ባሕርይ ድብቅ ነው። ይህም ማለት ጥራቱ የሚገለጠው ፍሬው ጂኑን ከእናትም ከአባትም ሲያገኝ ብቻ ነው። ከአንዱ ወገን የተለመደው በቆሎ ጂን ከመጣ እሱ ገዢ ስለሆነ ፍሬው ወደ ተለመደው በቆሎ ያደላል። በበቆሎ ደግሞ አባት የሚሆነው ነፋስ ያመጣው የአበባ ዱቄት ነው። በአንድ እሸት ላይ ያለ እያንዳንዱ ፍሬ ከጫፉ ከሚወጣው ፀጉር የራሱ አንድ ክር አለው፤ በዚያ ክር ላይ ያረፈው ዱቄት ከጎረቤት ማሳ ከሆነ የዚያ ፍሬ ጥራት በዚያው ወቅት ይጠፋል። ሌሎች የጥራት ባሕርያት ሲበላሹ ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያሉ። ይህ ግን አይለይም፤ የተበከለውም ያልተበከለውም ፍሬ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው።

ስለዚህ ባለሩብ ሄክታር ገበሬ ብቻውን ቢዘራ ዙሪያውን በሌላ በቆሎ ይከበባል። የመዝሪያ ጊዜ በማራራቅ ማምለጥ እንዳይቻል፣ ዝናቡ ሲጥል ሁሉም አንድ ሰሞን ነው የሚዘራው። የቀረው መንገድ ኩታ ገጠም ነው። ብክለቱ የሚበረታው በማሳው ጠርዝ በመሆኑ፣ ማሳው በሰፋ ቁጥር የሚጎዳው ድርሻ ያንሳል። ሃያና ሠላሳ ጎረቤታሞች ተስማምተው አንድ ዓይነት ቢዘሩ የአንዱ ዱቄት ለሌላው ጥበቃ ይሆናል። የጠርዙን መስመሮች ለእሸት መብላት ወይም ለይቶ መሰብሰብ፣ እንደ መልካሳ-6ኪው ካለው ነፃ ተዳቃይ ዝርያ ዘር የሚያስቀምጥም ከማሳው መሐል መምረጥ አለበት። ከዲቃላዎቹ ዘር ማስቀረት ግን ምርት ስለሚቀንስ አይመከርም።

የዋጋው ነገር መነሳት አለበት። ገበያ ለማያየው ነገር አይከፍልም፤ ነጋዴው ሁለቱን በቆሎ በአንድ ዋጋ ይገዛል። በተለመደው ሪፖርትም የሚጠየቀው ኩንታል በሄክታር ነው። በዚህ ሁኔታ አርሶ አደሩን «ለልጆችህ ብለህ ዝራ» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ዩኒየኑ በቆሎውን ለይቶ ቢረከብ፣ ለይቶ ቢያከማች፣ ናሙና ለላቦራቶሪ ቢልክና በማስረጃ ቢሸጥ ግን ጥራቱን ሊፈልጉ የሚችሉ ገዢዎች አሉ፦ የሕፃናት ምግብ አምራቾች፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ እንዲሁም ዶሮ አርቢዎች። ዶሮም እንደ ሰው ላይሲን ከመኖዋ ማግኘት ስላለባት አርቢው ለአኩሪ አተር የሚያወጣው ወጪ ይቀንሳል።

ይህን ለመሞከር ብዙ ቀበሌ አያስፈልግም። ማሳቸው የተያያዘ አባላት ያሉት አንድ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከመጋዘኑም አንድ ጥግ ይበቃል። ዘሩ ከሚያዝያ በፊት መታዘዝ ስላለበት የአባላቱ ስም ዝርዝር በበጋው ወራት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢደርስ ይመረጣል።