በአሮጌ ፎቶግራፍ ያሉትን ሰዎች ስለ መለየት



ከደብራችን ዕቃ ቤት ለዚህ በዓል የወጡት አሮጌ ፎቶግራፎች መልክን ጠብቀው ስምን አጥተዋል። ስም የሌለው መልክ ፍቺው እንደ ጠፋ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ይታያል፥ ወርቁ ግን ተሰውሯል።

ሰውን በስም ከመጥራት አስቀድሞ ዘመኑን መለየት ይገባል፤ ለዚህም ልብስና ማዕርግ ይመራሉ። አቡነ ጴጥሮስ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋራ ማዕርገ ጵጵስና የተቀበሉት በ1921 ዓ.ም. ነው፤ በፋሺስቶች እጅ የተገደሉትም በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በጵጵስና ልብስ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ ሁሉ ከእነዚህ ዓመታት መካከል አይወጣም፤ አብረዋቸው የቆሙትም ዘመናቸው በዚሁ ይታወቃል።

ሁለተኛም ፎቶግራፉ በግልባጭ የታተመ እንዳይሆን መመርመር ነው። ፊደሉ ዞሮ ቢታይ፥ ካህኑም መስቀሉን በግራው ይዞ ቢገኝ ያጠራጥራል። እንዲህ በሆነ ጊዜ «በቀኝ የቆሙት እገሌ ናቸው» የሚለው የሽማግሌ ቃል ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሦስተኛም አረጋውያንን ለየብቻ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ስሙ ይጻፍ፤ ካልተስማሙ የሁለቱም ቃል ከነተናጋሪው ይጻፍ እንጂ በግምት አይወሰን። ጽሕፈቱም በጀርባው በእርሳስ በስሱ ይሁን፤ ቀለም ወደ ፊቱ ይዘልቃልና።

በስሕተት የተጻፈ ስም ሁለት ሰው ይበድላል፤ ያልነበረውን ያቆማል፥ የነበረውን ይቀብራል። የሚያውቁትም ሰዎች ቍጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ አያቶቻችሁን እየደገፋችሁ ወደ ዕቃ ቤቱ አምጡልን፤ ስማቸው የተገኘላቸው ሁሉ በጸሎት በስማቸው ይታሰባሉ።

እግዚአብሔር የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ነፍስ ይማር፤ አሜን።