ከንፈሩ ሲቀድም ድምፁ ሲከተል

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። አባላት በጠየቁት መሠረት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



በአጀንዳው ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተያዘው የ4,000 ብሩ ጉዳይ ነው። ይከፈል አይከፈል ብላችሁ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሆነ ማስረዳት ይገባኛል። እኔ ትምህርቴ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የምናገረው የሚያውቅ ሰው አስረድቶኝ፣ ከዚያም በእጄ ሞክሬ ያየሁትን ብቻ ነው።

እንደምታስታውሱት በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ከመሥራቾቻችን መካከል በሕይወት የቀሩትን አንዲት እናታችንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ በስልኬ ቀርጬ ነበር። 40 ደቂቃ ተናገሩ። የመጀመሪያው ድንኳን ከማን ቤት እንደተዋስን፣ ጎላ ድስቶቹ በምን ዓይነት መዋጮ እንደተገዙ፣ ወንድ ጠፍቶ ሴቶቹ ራሳቸው ቃሬዛ የተሸከሙበትን ቀን ሳይቀር ነገሩኝ። ይህ ሁሉ በመዝገባችን ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም። እናታችን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ዐረፉ።

ለአርባቸው ይታይ ተብሎ ቪዲዮውን የሚያሳጥርና ፎቶግራፍ የሚያስገባበት አንድ የሰፈራችን ልጅ ተገኘና በ4,000 ብር ተስማማን። በድንኳኑ ውስጥ ሲታይ የሆነውን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። እየቆየ ግን ከንፈራቸው ይቀድማል፣ ድምፃቸው ይከተላል። ወደ መጨረሻው እሳቸው ዝም ብለው ውሃ ሲጠጡ ድምፃቸው ገና ያወራል። ሕፃናት ሳቁ። ትልቋ ልጃቸው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ከድንኳኑ ወጣች።

እኔም በማግስቱ ኮሚቴው ፊት «ልጁ አበላሽቶታል፣ አይከፈለው» ብዬ ተናገርኩ፤ ቃለ ጉባኤውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ልጁ «ጋሼ፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤ አንዱን ቦታ ሳስተካክለው ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይዛባል» ሲለኝ ሰበብ መስሎኝ ነበር። ሰበብ አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ፣ በቪዲዮ ሥራ የሚተዳደር አንድ የሰፈራችን ተወላጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ዋናውን ቅጂ ከስልኬ ላይ ሲያየው ነው። ላፕቶፑ ላይ ገልብጦ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማሳያ ከፈተው። ከንፈርና ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልክ! ያንኑ ፋይል የኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ሲያስገባው ተዛባ። «እንዴ፣ አንዱ ፋይል እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል?» አልኩት።

የሰጠኝን ማብራሪያ በዕድራችን አሠራር ልንገራችሁ። ቪዲዮ ማለት በተርታ የተቀመጡ ብዙ ፎቶግራፎች ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ፍሬም ይሉታል። ስልካችሁ «30 ፍሬም» ብላችሁ ብታዙትም ሁልጊዜ በሰከንድ 30 አያነሣም። ክፍሉ ጨለም ሲል ለእያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን ለመሰብሰብ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋልና አንዳንዱ ስልክ ወደ 24 ዝቅ ይላል። ሲግልም ሆነ ሥራ ሲበዛበት ይጥላል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሥዕል ሲያስቀምጥ የተነሣበትን ጊዜ አብሮ ይመዘግባል። ልክ ገንዘብ ያዣችን መዋጮ ሲቀበሉ ከስሙ ጎን ቀኑን እንደሚጽፉት ማለት ነው። ቪኤልሲ ቀኑን እያየ ያነባል፣ ስለዚህ አይሳሳትም። ብዙ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ግን ቀኑን ትተው ሰዉን ብቻ ይቆጥራሉ፤ «ሁሉም በየወሩ በ30 ከፍሏል» ብለው እንደሚደመድሙ ቁጠሩት። ድምፁ በበኩሉ ሳይዛነፍ በራሱ መጠን ይሄዳል። መለያየቱ ከዚህ ይመጣል።

እስቲ አብረን እናስላው። ስልኩ በ30 ፈንታ በ24 ያነሣበት እያንዳንዱ ሰከንድ 6 ሥዕል ይጎድለዋል። በ40 ደቂቃ ውስጥ እዚህም እዚያም ተለቃቅሞ እንዲህ ያለ ጊዜ 40 ሰከንድ ብቻ ቢኖር የጎደለው 240 ሥዕል ነው። 240 ለ30 ሲካፈል 8 ሰከንድ! ሥዕሉ ከድምፁ 8 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል። እናታችንን የቀረጽኩት ሊመሽ ሲል ነበር፤ መብራቱም አሥር ጊዜ ይደክም ይበራ እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጁ አንዱን ቦታ ሲያቀና ቀጥሎ መብራት የደከመበት ቦታ መልሶ ያጣምምበት ነበር። እንግዲህ መስኮት ዳር ያላስቀመጥኳቸው እኔ፣ የተቀጣው ልጁ።

መድኃኒቱ ቪዲዮውን ሳይቆርጡት በፊት ማስተካከል ነው። ከቆራረጡት በኋላ ድምፅ መጎተት ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ ዋናውን ፋይል በቪኤልሲ ክፈቱት። እዚያ ልክ ከሆነና ኤዲቲንግ ላይ ከተዛባ በሽታው ይኸው መሆኑን ጠርጥሩ። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ስታሳዩት «ፍሬም ሬት ሞድ» በሚለው ፊት ለፊት «ቫሪያብል» ካለ መጠኑ ይለዋወጣል ማለት ነው፣ «ኮንስታንት» ካለ ወጥ ነው።

ከዚያ ሃንድብሬክ የሚባለውን አውርዱ። ይህም ክፍያ የለውም። ፋይሉን ክፈቱበትና «ቪዲዮ» የሚለው ገጽ ላይ ሂዱ። ኢንኮደሩን ኤች 264 አድርጉት፣ ፍሬምሬቱን 30 አድርጉ፤ ከሥሩ ካሉት ምርጫዎች «ኮንስታንት» የሚለውን ምልክት አድርጉ። «ፒክ» የሚል ሌላ ምርጫ አለ፣ እሱ ላይ ከተተወ ድካማችሁ ሁሉ ገደል ገባ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። የጥራት ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል፤ እኛ 18 ላይ አድርገነዋል። ስታርት በሉና ሻይ ጠጡ፤ በድሮ ላፕቶፕ 40 ደቂቃው ቪዲዮ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ኤዲቲንጉ ውስጥ የሚገባው አዲስ የወጣው ፋይል ነው። አሮጌውን ግን አታጥፉት! ስልኬ «ቦታ ሞልቷል» ሲለኝ የእናታችንን ቪዲዮ ላጠፋ እጄን ዘርግቼ ነበር። «ጋሼ፣ ዋናው ይቆይ» ያለኝ ያው የከሰስኩት ልጅ ነው።

ሌሎችም ችግሮች አሉ፣ ባጭሩ ላንሣቸው። ድምፁ ተሰምቶ ሥዕሉ ጥቁር ከሆነ ወይም ፕሮግራሙ አልከፍትም ካለ፣ ቪዲዮው ቦታ ለመቆጠብ ኤች 265 በሚባለው አዲስ አጨማመቅ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በዚሁ ይቀርጻል። ከላይ ያልኩት ሃንድብሬክ ይህንንም ይፈታል። ለወደፊቱ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ፊቱ ሁሉ የነጣና የገረጣ ከሆነ ደግሞ ኤችዲአር የሚባለው ነው፤ ካልፈለጋችሁት ከመቅረጻችሁ በፊት ከስልኩ ካሜራ ማስተካከያ ላይ ይዘጋል።

አንዱ ትልቅ ጥፋት የቴሌግራሙ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን የለቅሶም የሠርግም ቪዲዮ ሲልኩልን እንደ ቪዲዮ ይልካሉ፣ ቴሌግራሙ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። «ፋይል» በሚለው መንገድ ቢልኩት ያለ ለውጥ ይደርሳል፤ ሳይከፈልበት እስከ 2 ጊጋባይት ያሳልፋል። ከዚያ ከበለጠ በገመድ ወይም በፍላሽ ነው። ፍላሹም «ፋይሉ ከበደኝ» ብሎ እምቢ ካለ፣ ገና ባዶ ቦታ እያለው ማለቴ ነው፣ አልተበላሸም። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ተብሎ ፎርማት ይደረግ፤ ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን አስቀድማችሁ ገልብጡ።

የምትቀርጹ ሰዎች፣ ሰውየውን ወደ መስኮት አዙሩ። ካሜራው ላይ «ኦቶ ኤፍፒኤስ» የሚል ካለ ዝጉት። ስልክ እንዳይደወልባችሁም አይሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ልጁ ሳይቀየም፣ ተቀይሞም ይሆናል ግን ሳያሳይ፣ ከተስተካከለው ፋይል ላይ ሥራውን እንደገና ሠርቶታል። ትልቋ የሟች ልጅ ወደ ውጭ አገር ከመመለሷ በፊት በጽሕፈት ቤታችን ቁጭ ብላ አየችው። ቃሬዛው ላይ ሲደርስ እናትየው እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «እዚህ ጋ ነበር የያዝነው» ይላሉ፤ እጁም ቃሉም በአንድ ጊዜ። በድንኳኑ ውስጥ ያ ሳይታይ ነው ያለፈው። ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ልጁ አበላሽቶታል» ተብሎ በእኔ እጅ የተጻፈው እንዲሰረዝና ስሕተቱ የጸሐፊው እንደነበር በምትኩ እንዲጻፍ። ሁለተኛ፣ የተስማማንበት 4,000 ብርና ለሁለተኛው ሥራ ደግሞ ኮሚቴው የሚወስነው ተጨማሪ እንዲከፈለው። ልጁ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ከእኔ በተሻለ የሚያስረዳው ስላለ ጥያቄ ያላችሁ እሱን ጠይቁት። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።