እንገሩ ለሕፃኑ፣ ቅቤው ለአራሷ

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ሕፃን ገና እንደተወለደ ቅቤ የሚያስልሱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ቢጫውና ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩ፣ «ሆዱን ያመዋል» ተብሎ እየታለበ ይደፋል።

አቅራቢ 2፦ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እንገር ለሕፃኑ እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው፤ ከተቅማጥና ከሳንባ ምች ይከላከልለታል። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን! የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይጥባ።

አቅራቢ 1፦ ውኃም አይሰጠው? «ጠማው» የሚሉ ብዙ ናቸው።

አቅራቢ 2፦ ውኃም አይሰጠው፤ የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። ንጽሕናው ባልተጠበቀ ውኃ የተበጠበጠ የጣሳ ወተትና በደንብ ያልታጠበ ጡጦ ግን ተቅማጥ ያመጣሉ።

አቅራቢ 1፦ ተቅማጥ ከያዘውስ?

አቅራቢ 2፦ ጡት አይቋረጥም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። ከጤና ኬላ ኦአርኤስና ዚንክ ይቀበሉ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም!

አቅራቢ 1፦ ሸክሙን ሁሉ እናት ላይ መጣሉን ግን አልቀበልም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነው። 6 ወር አጥቢ እያልን በ3 ወሯ ሥራ ግቢ እንላታለን። ጉልት የምትቸረችረዋማ እሱንም አታገኝም።

አቅራቢ 2፦ ልክ ነሽ። እናት እንድታጠባ ከፈለግን አሠሪው ጊዜና ቦታ ይስጣት፤ ባልም የቤቱን ሥራ ይጋራት።